ያካፈለችው ዐይን

ዱቾ ሉናርዲን ከዚያች ሴት ጋር ሲሳሳም አግኝታው ቢሆን ኖሮ ኒቬስ ባልዳቺ ያን ያህል ባልተጎዳች ነበር። መሳሳም ስም አለው፤ በስሙ ጠርተውት ይቆጡበታል፣ ያለቅሱበታል፣ ለጓደኛ ያወሩታል። እሷ ያየችው ግን ስም አልነበረውም። የበጋው ሙቀት በረድ ማለት በጀመረበት አንድ ማለዳ፣ ሞሎ በምንለው ወደ ባሕሩ ዘልቆ በሚገባው የድንጋይ መንገድ ላይ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ቁጢጥ ብለው አንድ የዛገ መልሕቅ ይመለከታሉ። አይነጋገሩም፤ አይነካኩም። ዝም ብለው ያያሉ። ቆየት ብሎ ሴትየዋ አንገቷን ጠምዝዛ መልሕቁን በግልባጩ አየችውና አንድ ነገር አለችው። ዱቾ ከት ብሎ ሳቀ።

ያንን ዝምታ ያስተማረችው ኒቬስ ናት። አንገት ጠምዝዞ ማየቱንም እንዲሁ።

“አንድን ነገር ስሙ እስኪጠፋሽ ድረስ እይው” ትላት ነበር እናቷ ኤልዳ። “መልሕቅ ነው ካልሽ አበቃ፤ ምንም አላየሽም። ስሙ ሲጠፋሽ ነው ማየት የምትጀምሪው።” ኤልዳ ከሞተች ወዲህ ኒቬስ ይህን የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር። ለሱ የገዛችው ትኩስ የሽምብራ ቂጣ እጇ ላይ እየቀዘቀዘ፣ ሳትጠራው ዞራ ተመለሰች። የእናቷን መኝታ ቤት ከፍቶ እንግዳ ያስተኛባት ያህል ተሰማት።

እኛ የዚህች የባሕር ዳር ከተማ ሰዎች፣ ቪያሬጆዎች፣ ሌላው ሰው በመከር ወይም በደሞዝ ቀን እንደሚኖረው በዓመታዊው የሰልፍ በዓላችን በካርኒቫል ነው የምንኖረው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ከፎቅ ቤት የሚበልጡ ሠረገሎች በባሕሩ ዳር ጎዳና ያልፋሉ። ነገሥታቱም፣ ዘንዶውም፣ አፉን የሚከፍተው ግዙፍ ፊትም በሙጫ ከራሰ ጋዜጣ የተሠሩ ናቸው። ሠሪዎቹ ጥቂት ቤተሰቦች ሲሆኑ ከነዚያ መሐል ባልዳቺና ሉናርዲ ሰላም አይባባሉም። አያቶቻቸው በአንድ መጋዘን አብረው ሲሠሩ ኖረው፣ በአንድ ዓሣ ነባሪ ምክንያት ተጣሉ። ዓሣ ነባሪውን ያሰበው እኔ ነኝ፣ የለም እኔ ነኝ ተባባሉ። ዓሣ ነባሪው በስብሶ ከተጣለ ስንት ዘመኑ፤ “ሌባ” የሚለው ቃል ግን ከአባት ወደ ልጅ ሲወረስ ቆየ።

ዱቾ የሉናርዲዎች አንድ ልጅ ነው። ቦሎኛ ሄዶ ቅርጻ ቅርጽ ተምሮ የተመለሰው አባቱ ሲሞት ነው። እናቱ ወይዘሮ ሌዳ መጋዘኑን ከነሠራተኛው አስረከበችው። የመጀመሪያ ሠረገላው በካርኒቫሉ ውድድር መጨረሻ ወጣ። እጁ የሚያምር ነበር፤ ቅርጹን ያየ ሁሉ ይመሰክርለታል። ሐሳቡ ግን ሰው ሁሉ አሥር ጊዜ ያየው ነበር። ከካርኒቫሉ በኋላ ኒቬስ ዝናብ ላይ ሞሎው ጫፍ ተቀምጦ አገኘችው። አባቷ ቢያያት ምን እንደሚል እያወቀች ምን ሆነህ ነው አለችው።

“እጄ ይሠራል” አላት። “ጭንቅላቴ ግን ነጥፏል። እንደ አሮጌ ላም።”

ማዘን ሲገባት ሳቀች። ነገ ማለዳ ስልክህን ቤት ትተህ ና አለችው።

በዚህ ተጀመረ። ትናንት በሄዱበት መንገድ ዛሬ አይሄዱም፤ ይህ የኤልዳ የመጀመሪያው ሕግ ነበር። በዓሣ ገበያው በኩል ከሄዱ ነገ በባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ከነገ ወዲያ በመርከብ ጥገናው ግቢ። ከራሳቸው ሙያ ውጪ የሆነ አንድ ሰው ያናግራሉ። መረብ የሚጠግነውን፣ ጥርስ የምትነቅለውን ሐኪም፣ የመቃብር ቦታ ጠባቂውን፤ ሥራህ ላይ በጣም የሚያስቸግርህ ምንድን ነው ብለው ይጠይቁና አፋቸውን ዘግተው ያዳምጣሉ። ከዚያ አሮጌ ጋዜጣ ላይ ይሥላሉ። በደህና ወረቀት ላይ የሣለ ሰው ማበላሸት ይፈራል፤ ጋዜጣው ግን የትም አይቀርም፣ ማታ ሙጫ ውስጥ ይገባል። ሥራው በጣም ጣፍጦ እጅ አልላቀቅ ሲል ደግሞ እዚያው ላይ ያቆማሉ። ዱቾ ይህኛው አልገባው ብሎ ተከራከራት። እሷ እናቷ እንዳለቻት፣ ከማዕድ ሳይጠግብ የተነሣ ሰው ለነገ የምግብ ፍላጎት አያጣም አለችው።

ከሁሉ የወደደው መጥፎ ሐሳብ የሚነገርበትን ቀን ነበር። ጥሩ ሐሳብ ወረፋ ይዞ ከኋላ ቆሞ ሳለ መጥፎዎቹ በሩን ዘግተውበት ይሆናል፤ ስለዚህ ሳያፍሩ አውጥቶ መጣል ነው። አንድ የግንቦት ማለዳ፣ ዱቾ በጣም ኮስተር ብሎ “ሠረገላው ራሱ አፍሮ ከቤት ያልወጣበት ካርኒቫል” አላት፤ ባዶ ጎዳና፣ የሚያጨበጭብ ሕዝብ፣ ምንም የለም። ኒቬስ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እንባዋን ስትጠርግ ነው የሳማት። ከዚያ ወዲያ ለማለዳው መንገድ የምትነሣው ለሐሳብ ይሁን ለሱ ራሷም መለየት አቃታት።

ታዲያ በሐምሌ አባቷ ጋስቶኔ ወገቡን ታመመ። ሠራተኛ የሚያዝ፣ ብረት የሚያስቆርጥ ሰው ጠፋና ኒቬስ ማለዳ ማለዳ መጋዘን ውስጥ ዋለች። ለዱቾ ትንሽ ታገሠኝ ብላ ላከችበት። እሱም ታገሠ። ወደ መንገዱ የተመለሰች ቀን ነው እንግዲህ የዛገውን መልሕቅ ሦስተኛ ሰው ሲያየው የደረሰችው።

ሴትየዋ ኮስታንዛ ትባላለች። ወይዘሮ ሌዳ ለቀለም ሥራ ከሉካ ያስመጣቻት ሠዓሊ ናት። ረጅም ናት፣ ፀጉሯን አጭር ተቆርጣለች፣ ስትስቅ ድምፅ አይወጣትም። ኒቬስ ይህን ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ አወቀች፤ ማወቅ ሳትፈልግ። ዳቦ ቤቱ ስትገባ ኮስታንዛ ምን እንደምትገዛ ታያለች። ባለ ዳቦ ቤቷ ልጅቱ ጨዋ ናት ስትላት መልሷን እንኳ ሳትቀበል ትወጣለች። ቀናሁ ማለት አፈረችና ተናደድኩ አለች። ተናደድኩ ማለቱም ሲያደክማት ሥራ በዛብኝ አለች። ዱቾ ሲደውል አላነሣችም።

አንድ ቀን በመጋዘኑ በር ስር ከጋዜጣ ጠርዝ የተቀደደች ቁራጭ ገብታ አገኘች። “ምን አደረግሁ?” ትላለች በዱቾ ጽሕፈት። ኒቬስ ብዙ መልስ ነበራት፤ ሁሉም ልመና መሰሉባት። ከጀርባው “ምንም። ሐሳብህ ይለምልምልህ” ብላ ጽፋ በባለ ዳቦ ቤቷ ላከችለት። ምርቃትን ለመውጊያ ያዋለችው በሕይወቷ ያኔ ብቻ ነው።

ማለዳ መንገዱን አልተወችውም። ግን ምኑን ትሂደው። በየማዕዘኑ እነሱን ትፈልጋለች፤ ሲያጋጥሟት ይከፋታል፣ ሳያጋጥሟት ሲቀሩ የት ሄዱ ብላ ይብስባታል። አንድ ጀልባ ስሙ እስኪጠፋት ልታይ ትቀመጥና ከጀልባው ይልቅ የኮስታንዛን አንገት ታያለች። መጥፎ ሐሳብ ላውጣ ስትል የሚወጣው አንድ ዓይነት ነው። እናቷ ስለ ድካም፣ ስለ ሐዘን፣ ስለ ስንፍና ሁሉ መላ ትታላት ሄዳለች፤ ስለ ቅናት ግን ምንም አልነገረቻትም። ቅናት ዐይን ይበላል። ሰውየው እያየ ያለ ይመስለዋል፤ የሚያየው ግን ያው አንድ ነገር ነው።

የንድፍ ማቅረቢያው ቀን ሲቃረብ ጋስቶኔ በወገቡ ላይ ቀበቶ ታጥቆ ዘንድሮ ምን አለን አላት። ምንም አልነበራትም። አባቷ ተናግሮ አያውቅም እንጂ፣ የባልዳቺ ሐሳብ ድሮም ከኤልዳ፣ ከዚያም ከኒቬስ ነበር የሚመጣው። አንዴ አያትና የዛሬ ስንት ዓመት የሠራውን አንበሳ አዲስ ዘውድ አድርጎለት ሣለው። ኒቬስ ያን አንበሳ ባየች ቁጥር በገዛ አባቷ ፊት የቆመች ሌባ የሆነች መሰላት። የሰረቀችው የራሷን ነበር።

ንድፎቹ የሚታዩት በከተማው አዳራሽ፣ ከምሳ በኋላ ነው። ዳኞቹ ከፊት ይቀመጣሉ፣ ቤተሰቦቹ በየጎናቸው፣ የቀረው ሕዝብ ከኋላ። በትልቁ ምድብ የሚገቡት ጥቂት ናቸው፤ የወደቀ ትልቁን መጋዘን ይለቃል። ሉናርዲዎች ዐምና መጨረሻ ወጥተዋልና ዘንድሮ ከወደቁ መጋዘኑ ሄደ ማለት ነው። ወይዘሮ ሌዳ ለቅሶ ቤት የምትሄድ ይመስል ጥቁር ለብሳ መጥታለች። ኮስታንዛ ከዱቾ አጠገብ ተቀምጣለች። ኒቬስ ወንበራቸው ምን ያህል እንደተጠጋጋ አየች።

የአንበሳው ንድፍ ሲታይ ሰዉ ለጨዋነት አጨበጨበ። ቀጥሎ የዱቾ ተገለጠ።

አንድ የቆየ ባለ አራት ፎቅ ቤት ነው። በየሰገነቱ የልብስ ማስጫ ገመድ ተወጥሯል። በገመዱ ላይ የተሰጡት አንሶላዎች ነፋስ ሞልቷቸው እንደ ሸራ ተነፍተዋል፤ ቤቱም በነሱ ተጎትቶ ከነመሠረቱ ተነቅሎ ባሕር ላይ እየሄደ ነው። በየመስኮቱ ጎረቤቶቹ በመጥረጊያና በጭልፋ ይቀዝፋሉ። ምድር ቤት የሚኖሩት እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ሆነው ከላይ ካሉት ጋር ይጣላሉ። ከላይ ካሉት አንዷ ሴትዮ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ካልሲ ታሰጣለች።

መጀመሪያ ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም። ሲያዩት የራሳቸውን ደረጃ፣ የራሳቸውን ጎረቤት ያዩት ሰዎች ሣቅ ነበር። ኒቬስ ብቻዋን አልሳቀችም። እስከዚያች ደቂቃ የቀናችው በኮስታንዛ ብቻ መስሏት ነበር። ለካ ከሴትየዋ የከፋ ሌላ ነገር ነበር። ያ ነጥፌአለሁ ብሎ ዝናብ ላይ የተቀመጠ ሰው፣ በእናቷ ልማድ፣ በእሷ ማለዳ፣ እሷ ደርሳ የማታውቅበት ቦታ ደርሷል።

ጋስቶኔ ወገቡን ይዞ ተነሣ።

“ይህ የልጄ ነው” አለ። ድምፁን አልጨመረም፤ ግን ሁሉም ሰማው። በሰኔ ልጄ እራት ላይ አንሶላ የተሰጣበት ቤት አየሁ፣ ሊሄድ ያለ መርከብ ይመስላል ብላ ነግራኛለች፣ በዐይኔ ሥዕሉን አይቻለሁ አለ። ሉናርዲ ድሮም ሌባ፣ ዛሬም ሌባ ብሎ ተቀመጠ።

የዳኞቹ ሰብሳቢ ዱቾን ምን ትላለህ አሉት። ዱቾ ቆመ። ፊቱ እንደ ጋዜጣ ወረቀት ገርጥቷል። ወይዘሮ ሌዳ እጅጌውን ይዛ ጎተተችው፤ እሱ ግን ኒቬስን ነበር የሚያየው።

“በዚያ ማለዳ አብረን ነበርን” አለ። “ቤቱ ሊሄድ ነው ያለችው እሷ ናት። የኔ ነው ካለች የሷ ነው። አልከራከርም።”

አብረን ነበርን የሚለው ቃል በአዳራሹ ሲያልፍ ኒቬስ ሰማችው፤ ሁሉም አንገት ወደሷ ዞረ። የአባቷ አንገት ከሁሉ በኋላ ነበር የዞረው። ኒቬስ ምንም መናገር አያስፈልጋትም ነበር፤ ዝም ብትል ይበቃል። ዝም ብትል አባቷ ይኮራል፣ ዱቾ መጋዘኑን ያጣል፣ ኮስታንዛ ሻንጣዋን ይዛ ወደ ሉካ ትመለሳለች። ያንን ሻንጣ በዐይነ ሕሊናዋ አየችው፤ ቀለሙን ሳይቀር። አየችውና ደስ አላት። ደስ ማለቱ ነው ያስደነገጣት።

ተነሣች።

“አባዬ የተናገረው እውነት ነው፤ ቃሉ የኔ ነው” አለች። “ሦስት ቀን ሞክሬው ተውኩት። እኔ ያየሁት አንሶላ ነው። ቤቱን ያስኬደው እሱ ነው። መቅዘፊያዎቹ፣ ጠቡ፣ ያቺ ካልሲ የምታሰጣው ሴትዮ፣ አንዳቸውም የኔ አይደሉም።” ንድፉን አየችው። “የኔ ቢሆኑ ደስ ይለኝ ነበር።”

መጨረሻውን ለማን እንዳለችው አላወቀችም። አባቷ ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ። እየተከተለችው እንደሆነ ቢያውቅም በሩን ይዞ አልጠበቃትም፤ በሩ ፊቷ ላይ ሲዘጋ የሰማችው ድምፅ እስከ ባሕሩ ዳር አብሯት ሄደ።

ዱቾ ሞሎው ጫፍ ላይ ደረሰባት። ሮጦ ስለመጣ መናገር አልቻለም፤ እሷም ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀችው፤ ከልማድ። ዳኞቹ ንድፉን እንደተቀበሉት ነገራት። እንኳን ደስ ያለህ አለችው። ምስጋና ሊናገር ሲጀምር እጇን አነሣችበት።

“አታመስግነኝ፤ ዝም ልል ነበር” አለችው። “ለጥቂት ነው የተረፍከው።”

“ለምን?”

“ያችን ልጅ መልሕቅ ስታሳያት አይቻለሁ።”

ዱቾ መልሕቁን ለማስታወስ እንኳ ጊዜ ፈጀበት። ሲያስታውስም ጥፋቱ አልገባውም፤ ኮስታንዛ ማለዳ የት ነው የምትሄደው ስትለው ነይ እንዳላት፣ ከዚያ በቀር በመካከላቸው ምንም እንደሌለ፣ ልጅቱ ሉካ ውስጥ ልታገባው የቀጠረችው ሰው እንዳላት ነገራት። ኒቬስ አመነችው። ማመኗ ግን ቁስሉን አልነካውም።

“ብትስማት ይሻለኝ ነበር” አለች ቀስ ብላ። “ያ ማየት የናቴ ነው። ለማንም አልሰጠሁትም፤ ላንተ ሰጠሁህ። አንተ እንደ ሲጋራ አከፋፈልከው።”

አሁን ገባው። ባሕሩን አየ። ሲናገር ራሱን አልተከላከለም።

“ስታስተምሪኝ የዓለም ሁሉ መሰለኝ” አላት። “ሰው ሁሉ እንደዚህ መኖር አለበት ብዬ ነው የተደሰትኩት። የሁለታችን ቤት መሆኑን አላወቅሁም። ማወቅ ነበረብኝ።”

ይቅርታው ደርቃ የነበረችውን አራሳት፤ አለቀሰች። ሲያቅፋት ግን ገና አልጨረሰችም ነበር፤ ከደረቱ ላይ ሆና የቀረውን ነገረችው። ከኮስታንዛ ይልቅ በሱ መቅናቷን። ንድፉ ሲገለጥ ሰው ሁሉ ሲስቅ፣ እሷ ብቻዋን ወረቀቱን መቅደድ እንዳማራት። አንድን ሰው እየወደዱ እንዲወድቅ መመኘት ምን ዓይነት ፍቅር እንደሆነ እንደማታውቅ።

“እኔስ?” አላት ዱቾ። “ሰኔ ላይ ያንን ቃል ስትጥዪው ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንቺ እየሄድሽ በአፍሽ የምትጥዪውን እኔ ስንት ማለዳ ለፍቼ ነው የማገኘው። ቅናት ያንቺ ብቻ መስሎሽ ነው?”

ኒቬስ ፊቱን ቀና ብላ አየችው። ለሳምንታት የተሸከመችውን ያህል እሱም ሌላ ጫፉን ይዞ ኖሯል። አልቀለላትም፤ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን እንዳልተሸከመችው ተሰማት።

ቤት ውስጥ ጋስቶኔ ዝም አለ። ጮሆ ቢሆን ይሻላት ነበር። በማዕድ ጨው አቀብዪኝ ከማለት በቀር ቃል አይወጣውም፤ መጋዘን ውስጥ ትእዛዙን በሠራተኞቹ በኩል ያስተላልፋል። አንበሳው በትልቁ ምድብ የመጨረሻውን ቦታ አግኝቶ ነበርና ሥራ አልጠፋም። አንድ ምሳ ላይ ኒቬስ ታግሣ ታግሣ፣ እማዬ ብትኖር ምን ታደርግ ነበር አለችው። ጋስቶኔ ሹካውን አስቀመጠ። እናትሽ ያሰበችውን ሁሉ በኔ ስም ነው ያስጨበጨብኩት፣ አንድም ቀን ተነሥቼ የሷ ነው አላልኩም አለ። ከዚያ ምሳውን ሳይጨርስ ወጣ። ኒቬስ በባዶ ወንበሩ ፊት ተቀምጣ፣ በአባቷ ዝምታ ውስጥ ቁጣ ብቻ እንዳልነበረ ተረዳች።

ዱቾ የመጣው በጥቅምት፣ ቀትር ላይ ነው። ማንም አልጠራውም። የባልዳቺን መጋዘን ደጃፍ ሉናርዲ ከረገጠው ዘመን የለውም፤ ሠራተኞቹ ብሩሻቸውን ይዘው ደርቀው ቀሩ። ባርኔጣውን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ፤ ለልጅዎ ያለኝን ፍቅር ልነግርዎ ነው የመጣሁት አለ። ጋስቶኔ መሰላል ላይ ነበር፣ አንበሳው አፍ ውስጥ። ወደታች አየው። ዱቾን አየ፣ ኒቬስን አየ፣ የተከፈተውን በር አየ።

“ወይ ግባ ወይ ውጣ” አለው። “ነፋስ ሲገባ ወረቀቴ ይሰነጠቃል።”

ዱቾ ገባ፤ በሩንም ዘጋ። ኒቬስ ከዚያ ወዲያ ትልቅ ንግግር ይመጣል ብላ ጠበቀች። ምንም አልመጣም። ዱቾ አንበሳውን ቀና ብሎ አየና፣ መንጋጋው ሲዘጋ አይከብድም ወይ አለ። ጋስቶኔ ይከብዳል እንጂ አለና ከመሰላሉ ወረደ። ክብደቱን ከኋላ በሚወርድ አሸዋ ቢያመዛዝኑትስ አለው ዱቾ። አሸዋ ይፈስሳል አለ ጋስቶኔ። በከረጢት ከሆነስ። ሁለቱ ወደ አንበሳው ጀርባ ዞሩ። ብዙም ሳይቆይ ጋስቶኔ ለገዛ ሴት ልጁ እንኳ አሳይቷት የማያውቀውን የገመድ አጣጣል ለዱቾ ሲያሳየው ተሰማ።

ኒቬስ የሙጫውን ባልዲ እንደያዘች ቆማ ቀረች። የገመዱን ነገር ስንት ጊዜ ጠይቃው በኋላ ብሏታል። እነሆ አሁን ደረቷ ሥር ያ የምታውቀው ነገር ተላወሰ፤ ትንሽ፣ ትኩስ፣ ቀጥቃጭ። አልደነገጠችም። ስሙን አወቀችው። ፈገግ ብላ ባልዲውን አስቀመጠችና፣ እኔም ልይ እንጂ ብላ በመካከላቸው ገባች።